ፉሺሚ ኢናሪን ለመጎብኘት፦ ከመጀመሪያው በር እስከ ተራራው ጫፍ

ፉሺሚ ኢናሪ ታይሻ በጃፓን የቀድሞ መዲና በኪዮቶ ደቡባዊ ክፍል፣ 233 ሜትር ከፍታ ባለው የኢናሪ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የሺንቶ መቅደስ ነው። በመላው ጃፓን በኢናሪ ስም የተሠሩ መቅደሶች 30 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል፤ የሁሉም አውራ ይህ ነው። ኢናሪ በመጀመሪያ የሩዝና የመኸር አምላክ ሲሆን ከጊዜ በኋላ የንግድና የብልጽግና ጠባቂ ሆኖ መመለክ ጀመረ። የውጭ አገር ሰው መቅደሱን በአብዛኛው የሚያውቀው ተደርድረው ዋሻ በመሰሉት ቀይ በሮቹ ፎቶግራፍ ነው። በሮቹ ግን ወደ ተራራው የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው። በሺንቶ እምነት የተቀደሰው ተራራው ራሱ በመሆኑ ከታች ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው መቅደሱን ጎበኘ ለማለት ያስቸግራል።

ከጉዞው በፊት ሩዝና ገንዘብ በአንድ አምላክ ሥር እንዴት እንደተገናኙ ማወቅ ይጠቅማል፤ በመንገድ ላይ የሚታየው ሁሉ ከዚያ የመነጨ ነውና። መቅደሱ የተመሠረተው በ711 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ ሃታ ኖ ኢሮጉ የተባለ ሰው እንደሆነ ይነገራል። የሃታ ወገን ከኮሪያ ልሳነ ምድር መጥቶ በአካባቢው የሰፈረ፣ በሐር ሥራና በመስኖ የታወቀ ሀብታም ወገን ነበር። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ኢሮጉ ከተወቀጠ ሩዝ የሚሠራውን ሞቺ የተባለ ቂጣ ዒላማ አድርጎ ቀስቱን ቢያስፈነጥር፣ ቂጣው ነጭ ወፍ ሆኖ በረረ። ወፉ ባረፈበት የተራራ ጫፍ ላይም ሩዝ በቀለ።

ከዘመናት በኋላም በጃፓን የሀብት መለኪያ ሩዝ ነበር። ኮኩ የተባለው መስፈሪያ 180 ሊትር ያህል የሚይዝ ሲሆን አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ሩዝ ተብሎ ይገመት ነበር። በኤዶ ዘመን (1603–1868) የመሳፍንቱ ግዛት ሀብት የሚሰላው በኮኩ፣ የሳሙራዩም ደመወዝ የሚቆረጠው በሩዝ ነበር። ጎተራው የሞላ ሰው ሀብታም ስለሆነ ጎተራ እንዲሞላለት የሚለመነው አምላክ የነጋዴውም አምላክ ሆነ። ዛሬ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ንግዱ እንዲቀና ለሩዝ አምላክ በር ሲያቆም የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

መቅደሱ ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ መግቢያም አይከፈልበትም። በዚህ ምክንያት ከረፋድ እስከ አመሻሽ ታችኛው መንገድ በሰው ይጨናነቃል። ለጉብኝት የሚመረጠው ሰዓት ማለዳ ከ1 ሰዓት በፊት ነው፤ ጃፓኖች ሰዓት የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ ይህ በእነርሱ 7 ሰዓት ነው። ምሽትም ጸጥታ አለ፤ በዋናው መንገድም መብራት ይበራል። ሆኖም በተራራው ላይ የዱር አሳማ ስለሚኖር በጨለማ ብቻን ወደ ላይኛው ክፍል መዝለቅ አይመከርም። ክታብ የሚሸጥባቸው መስኮቶች የሚከፈቱት በቀን ብቻ ነው።

ከጃንዋሪ 1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ጃፓኖች ለአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ጸሎታቸውን ለማድረስ ስለሚመጡ ሕዝቡ ከሁለት ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እጅግ ትልቅ በዓል ነው፤ መቅደሱን በእርጋታ ማየት ለሚፈልግ ግን አይመችም። በፌብሩዋሪ ደግሞ ሃትሱኡማ ይውላል። በጥንቱ አቆጣጠር ቀናት በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ይጠሩ ነበር፤ ሃትሱኡማ በወሩ ውስጥ የመጀመሪያው የፈረስ ቀን ሲሆን አምላኩ በ711 በተራራው ላይ ያረፈበት ዕለት ተብሎ ይከበራል። የቤተ መንግሥት እመቤት የነበረችው ሴይ ሾናጎን ከሺህ ዓመት በፊት በጻፈችው «የትራስ መጽሐፍ» በፈረስ ቀን ይህንኑ ተራራ ስትወጣ እንዴት እንደደከማት ትተርካለች። አንዲት ከአርባ ዓመት በላይ የሆናት ተራ ሴት በዚያው ቀን ተራራውን ሰባት ጊዜ ለመዞር ተነሥታ ስታገኛትም እንደቀናችባት ጽፋለች። የዛሬው ጎብኚ የሚወጣው ያንኑ ዳገት ነው።

የመኸሩን ሥርዓት መከታተል ለሚሻ ጎብኚ ግን ከሁሉም የሚበልጡት የሩዝ በዓላት ናቸው። መቅደሱ የራሱ ትንሽ የተቀደሰ ማሳ አለው። ኤፕሪል 12 ዘሩ ይዘራል፤ ጁን 10 ደግሞ የባህል ልብስ የለበሱ ሴቶች በዜማና በውዝዋዜ ታጅበው ችግኙን በጭቃው ውስጥ ይተክላሉ። ኦክቶበር 25 ሩዙ በማጭድ ይታጨዳል፣ ኖቬምበር 23 በሚውለው የአዲስ እህል በዓልም ለአምላኩ ይቀርባል። ገለባውም አይጣልም፤ ኖቬምበር 8 በሚከበረው የእሳት በዓል፣ ከየአገሩ የመጡ ምእመናን ልመናቸውን የጻፉባቸው የእንጨት ዘንጎች በታላቅ ነበልባል ሲቃጠሉ እርሱም አብሮ ይነድዳል። አንድ ቀን ብቻ መምረጥ የሚችል ሰው የጁኑን ተከላ ቢመርጥ መልካም ነው፤ የዚህ ሁሉ በርና ቤት መሠረት ምን እንደሆነ በዓይን የሚታየው ያን ዕለት ነው።

ወደ መቅደሱ መድረስ

ከኪዮቶ ዋና ጣቢያ በናራ መስመር የሚሄደው ባቡር ሁለተኛ ማቆሚያው ኢናሪ ጣቢያ ነው፤ ጉዞው አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መሳፈር የሚያስፈልገው በየጣቢያው በሚቆመው ባቡር ነው፤ ፈጣኑ ኢናሪ ላይ ሳይቆም ያልፋል። ከጣቢያው ሲወጡ ትልቁ ቀይ በር ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ይታያል። ከጊዮን ሠፈር ለሚነሣ ሰው የኬይሃን ባቡር ይቀርባል፤ ከፉሺሚ ኢናሪ ጣቢያ በኋላ ጥቂት በእግር መሄድ ብቻ ነው።

ሙሉው ዙር አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው ደረጃ ነው፤ በእርጋታ ለሚሄድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ምቹ ጫማ ያስፈልጋል። በግቢውም ሆነ በተራራው ጫማ አይወልቅም፤ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ልማድ ተነሥቶ ጫማ ለማውለቅ መጨነቅ አያስፈልግም። በቀዝቃዛው ወቅት ብርድ፣ በጁላይና በኦገስት ደግሞ ወበቅ ያስቸግራል፤ በእነዚህ ሁለት ወራት ውኃ ሳይዙ መውጣት አይገባም።

በሩና ውኃው

እነዚህ ቀይ በሮች ቶሪ ይባላሉ፤ የዓለማዊውና የተቀደሰው ቦታ ወሰን ናቸው። ከቶሪ ሥር ከማለፍ በፊት ቆም ብሎ በትሕትና እጅ መንሣት ልማድ ነው። የመንገዱ መሐል የአምላኩ መሄጃ ተደርጎ ስለሚታሰብ ሰው ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳል።

ሁለተኛውን ቶሪ ካለፉ በኋላ ትልቁ በር ሮሞን ይመጣል፤ ከእርሱ በፊት ግን የመታጠቢያ ገንዳ አለ። እዚያ እጅንና አፍን መታጠብ ጎብኚው መንጻቱን የሚያሳይ ሥርዓት ነው። በቀኝ እጅ ጭልፋውን ይዞ አንድ ጊዜ ውኃ ይቀዳል፤ ለቀሪው ሥርዓት ሁሉ የሚያገለግለው ይህ አንድ ጭልፋ ውኃ ነው። በመጀመሪያ ግራ እጅ ይታጠባል፣ ጭልፋውን ወደ ግራ አዛውሮ ቀኝ እጅ ይታጠባል። ከዚያ እንደገና በቀኝ ይያዝና በግራ መዳፍ ውኃ ተቀብሎ አፍ ይጉመጠመጣል፤ ጭልፋውን ከንፈር ማስነካት ነውር ነው። ግራ እጅ ዳግመኛ ይታጠባል። በመጨረሻም የተረፈው ውኃ እጀታውን እያጠበ እንዲወርድ ጭልፋው ቀጥ ተደርጎ ይቆምና ወደ ቦታው ይመለሳል። ጭልፋ በሌለበት ከሚወርደው ውኃ በቀጥታ እጅን መታጠብ ይበቃል።

ሮሞን የራሱ ታሪክ አለው። ጃፓንን አንድ ያደረገው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በ1588 እናቱ ታመውበት እዚህ ተሳለ፤ ከዳኑ አሥር ሺህ ኮኩ ሩዝ ለመስጠት ቃል ገባ ይባላል። እናቱ አገገሙ፤ በሩም በ1589 ተሠራ። የጃፓን ጌታ የሆነ ሰው እንኳ ስለቱን የተሳለው በሩዝ ነበር።

ቀበሮዎቹ

በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት የነሐስ ቀበሮዎች ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ የቀበሮ ሐውልት የማይታይበት ቦታ የለም። ብዙ ጎብኚዎች ቀበሮው አምላኩ ራሱ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ነጭ ቀበሮ የኢናሪ መልእክተኛ ነው ተብሎ ይታመናል። እያንዳንዱ ሐውልት በአፉ ምን እንደያዘ ማስተዋል ይገባል። አንዳንዱ የሩዝ ዛላ ይይዛል፤ አንዳንዱ ቁልፍ፣ እርሱም የሩዝ ጎተራ ቁልፍ ነው። ሌላው የከበረ ድንጋይ፣ ሌላው ጥቅል ጽሑፍ ይዞ ይታያል። በአንገታቸው ላይ የሚታሰረው ቀይ ጨርቅ ከምእመናን የሚሰጥ ነው።

በዋናው መቅደስ ፊት

ከሮሞን ጀርባ የአምልኮ አዳራሾቹና ዋናው መቅደስ አሉ። ቀድሞ የነበሩት ሕንፃዎች ኪዮቶን ባወደመው የኦኒን ጦርነት፣ በ1468 ተቃጥለዋል፤ አሁን የሚታየው ዋና መቅደስ የተሠራው በ1499 ነው። በውስጡ የሚመለኩት አምስት አማልክት በአንድነት ኢናሪ ይባላሉ፤ ቀዳሚው የእህል አምላክ ኡካ ኖ ሚታማ ነው።

የጸሎቱ ሥርዓት አጭር ነው። ምእመኑ ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ ቀረብ ብሎ ሳንቲሙን በዝግታ ይጨምራል፤ የተንጠለጠለ ደወል ካለም በገመዱ ይደውላል። ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ መዳፎቹን ገጥሞ በልቡ ይለምናል፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ እጅ ይነሣል። የሳንቲሙ መጠን አልተወሰነም። ብዙ ጃፓኖች መሐሉ የተበሳውን ቢጫ ባለ 5 የን ሳንቲም ይመርጣሉ። በሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው የሩዝ ዛላ፣ ጥርስ ያለው የማሽን ጎማና ውኃ ነው፤ ግብርናን፣ ኢንዱስትሪንና ዓሣ ማስገርን ይወክላሉ። ለዚህ መቅደስ ከእርሱ የተስማማ ሳንቲም አይገኝም።

የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ጎብኚ እንዲጸልይ ወይም እጅ እንዲነሣ የሚያስገድደው የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ኮፍያውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚጸልዩትን ሳይጋርድ ወደ ጎን ቢቆም አክብሮቱን አሳይቷል። ወደ ውስጠኛው መቅደስ ካሜራ ማነጣጠርና በሚጸልይ ሰው ፊት ፎቶ መነሣት ግን ማንም ሊያደርገው የማይገባ ነው።

ከሺህ በሮች ሥር

ከዋናው መቅደስ ጀርባ ያለው ደረጃ ወደ ሴንቦን ቶሪ ያደርሳል፤ «ሺህ በሮች» ማለት ነው። እዚህ በሮቹ ሰው እጁን በመካከላቸው ለማሾለክ እስኪቸገር ድረስ ተጠጋግተው በሁለት ትይዩ ረድፍ ቆመዋል። በዚህ ክፍል ብቻ 800 ያህል፣ በመላው ተራራ ደግሞ 10 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ሕዝቡ የሚቆመው፣ ፎቶውም የሚነሣው እዚህ ነው፤ ቦታው ሲጨናነቅ ቶሎ አልፎ ሲመለሱ ማየት ይሻላል።

እያንዳንዱ በር የስለት ወይም የምስጋና ስጦታ ነው። ሰጪዎቹ ግለሰቦች፣ ሱቆችና ኩባንያዎች ናቸው፤ ዋጋው እንደ መጠኑ ከመቶ ሺዎች እስከ ሚሊዮን የንና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የሰጪው ስምና የቆመበት ቀን የተጻፈው በጀርባው ስለሆነ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው፤ ጽሑፉን የሚያነበው ሲወርድ ወይም ዞር ሲል ነው። በሮቹ ከእንጨት ስለሚሠሩ በዝናቡና በእርጥበቱ ከሥራቸው ይበሰብሳሉ። አሮጌው ይነሣል፤ በቦታው በሌላ ሰው ስም አዲስ ይቆማል። ቀይ ቀለሙ በጥንት ከሜርኩሪ ማዕድን ይሠራ የነበረ ሲሆን እንጨቱን ከመበስበስ ይከላከላል፣ ክፉ ነገርንም ያርቃል ተብሎ ይታመናል። አሮጌው በአዲስ ስለሚተካ የበሮቹ ድርድር ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም፤ ባዶ ጉድጓድ ወይም ገና ሽታው ያልጠፋ አዲስ ቀለም ማየት የተለመደ ነው።

የሺህ በሮች መንገድ የሚያበቃው ኦኩሻ በተባለው ትንሽ የአምልኮ ስፍራ ነው። ከጀርባው ሁለት የድንጋይ ፋኖሶች አሉ፤ በየአናታቸው ላይ ክብ ድንጋይ ተቀምጧል። ሰው ልመናውን በልቡ ይዞ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገምታል፤ ከዚያ ያነሣዋል። ከገመተው ከቀለለ ልመናው ይሰምራል፣ ከከበደ ብዙ ይቀረዋል ይባላል። የቀበሮ ፊት ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ እንጨቶችም እዚህ ይገኛሉ፤ ገዢው በጀርባቸው ልመናውን ጽፎ፣ በፊታቸው ዓይንና አፍ ስሎ ይሰቅላቸዋል።

ወደ ተራራው ጫፍ

ከኦኩሻ በኋላ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው፤ ጸጥታው የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው። መንገዱ በዝግባ መሰል ረጃጅም ዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። በመጀመሪያ የሚገኘው ኩማታካ የተባለው ስፍራ በትንሽ ኩሬ ዳር የተሠራ ነው፤ ቦታው ጨለም ያለ፣ በሻማ ጭስ የጠቆረ ነው። የጠፋ ሰው ያለበት ወደ ኩሬው ዞሮ ቢያጨበጭብ፣ ገደል ማሚቶው በተሰማበት አቅጣጫ ፍንጭ ያገኛል የሚል እምነት አለ።

ከዚያ ጠንካራው ዳገት ይመጣና ዮትሱትሱጂ በተባለው መስቀለኛ መንገድ ያበቃል። ከታች እስከዚህ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ኪዮቶ ከነቤቶቿ የምትታየው ከዚህ ነው፤ መቀመጫና ሻይ ቤትም አለ። ጉልበት የሚያመው ወይም ጊዜ ያጠረው ሰው ከዚህ ቢመለስ ከፊሉን ሳይሆን አብዛኛውን አይቷል።

መቀጠል የሚፈልግ ከዚህ የሚጀምረውን ክብ መንገድ በየትኛውም አቅጣጫ መዞር ይችላል። በቀኝ የያዘ ሳንኖሚኔና ኒኖሚኔ የተባሉትን ሁለት ጉብታዎች አልፎ 233 ሜትሩ ጫፍ ኢቺኖሚኔ ላይ ይደርሳል። ጫፉ በዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ ምንም አይታይም፤ ለእይታ ብቻ የሚወጣ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። የክቡ መንገድ ትልቁ ሀብት ኦትሱካ የሚባሉት ድንጋዮች ናቸው። ምእመናን ለየራሳቸው የሰየሙትን የአምላክ ስም የቀረጹባቸው፣ ትንንሽ ቶሪዎችና ቀበሮዎች የከበቧቸው የድንጋይ መሠዊያዎች በሺዎች ተደርድረው በድንጋይ ሽበት አረንጓዴ ሆነዋል። በፊታቸው ሩዝ፣ ጨው፣ ሻማ፣ አንዳንዴም የሩዝ መጠጥ የሆነው ሳኬ ይቀመጣል። ማለዳ የሚወጣ ሰው የሠፈሩ አዛውንቶች አቧራውን ጠርገው፣ ውኃውን ቀይረው ሲሄዱ ሊያይ ይችላል። ይህ የቤተሰብና የግል አምልኮ ቦታ ስለሆነ መሠዊያ መንካት ወይም ከመሥዋዕቱ ማንሣት ፈጽሞ አይፈቀድም።

በሚወርዱበት በኩል ሚትሱሩጊ የተባለ ስፍራ አለ። በአፈ ታሪክ ስመ ጥሩው ጎራዴ ሠሪ ሳንጆ ሙኔቺካ ለንጉሠ ነገሥቱ ጎራዴ እንዲሠራ ሲታዘዝ አጋዥ አጥቶ ኢናሪን ለመነ፤ የቀበሮ መንፈስም መጥቶ መዶሻውን አብሮት መታ ይባላል። አንጥረኞች ኢናሪን የሚያከብሩት በዚህ ነው።

ከወረዱ በኋላ

ክታብ፣ የዕድል መንገሪያ ወረቀትና የመቅደሱ ማኅተም የሚገኙት ከዋናው መቅደስ አጠገብ ነው። በዕድል ወረቀቱ ላይ መጥፎ ነገር የደረሰው ሰው በተዘጋጀው ገመድ ላይ አስሮት ይሄዳል። ክታብ የሚቆየው አንድ ዓመት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ጃፓኖች አሮጌውን መልሰው ያመጣሉ፤ መቅደሱም በሥርዓት ያቃጥለዋል።

ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች የሚሸጡትም ከዚሁ እምነት የወጣ ነው። ቀበሮ የተጠበሰ ቶፉ ይወዳል ስለሚባል በጣፋጭ ጭማቂ የተዘፈዘፈ የአኩሪ አተር ቶፉ ውስጥ ሩዝ ተሞልቶ ኢናሪዙሺ ተብሎ ይቀርባል፤ ይኸው ቶፉ በወፍራም ፓስታ ሾርባ ላይ ሲደረግ ኪትሱኔ ኡዶን ይሆናል። ቶፉና ሩዝ ብቻ ሲታይ የጾም ምግብ ይመስላል፤ ነገር ግን ሾርባውም ጭማቂውም በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ስለሚወጣ በጾም ዓሣ የማይበላ መንገደኛ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በከሰል የተጠበሰች ድንቢጥም በአንዳንድ ቤቶች ትሸጣለች፤ ድንቢጥ ከማሳው ላይ ሩዝ ስለምትለቅም ለሩዝ አምላክ ደጅ የተገባች ምግብ ሆና ቆይታለች። ምግቡ ከሱቁ ፊት ተቁሞ ይበላል፤ እየተጓዙ መብላት በጃፓን ስለማይወደድ ሳህኑና ወረቀቱ ለዚያው ሱቅ ይመለሳል።